ከሸክላ እስከ ቲክቶክ፦ የዘፋኞቻችን መረጃ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ኃይሉ መርጊያ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚህ ተወለደ። 10 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ አዲስ አበባ ገባ። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ ለመደ። በኋላ የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነና ሂልተን ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ሰው ትኬት ቆርጦ የሚሰማው ሙዚቀኛ ነው።

ይህን ለከተማችን ወጣት ስትነግሩት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «እውነት? የእኛ ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ወጣቱን መውቀስ አይገባም። ማን ነገረው? በኃይሉ ኦርጋን ያደጉ ትልልቆቹ ራሳቸው የዘፈኑን ቃና እንጂ የተጫዋቹን ስም አያውቁም።

ሰሞኑን በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ በሽ ነው። ይህን ዘፈን መጀመሪያ ማን ዘፈነው? ዘፋኟ የት ተወለደች? አሁን በሕይወት አለች? ጊታሩን የመታው ማን ነው? መልስ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ምንጩን የሚናገር ግን የለም። አንዱ «የመንዝ ሰው ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የወሎ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «ሞቷል እኮ» ብሎ ይዘጋዋል። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ተብሎ ስንት ጊዜ ተለቅሶለታል።

የተለመደው ማብራሪያ «እኛ ታሪክ አንጽፍም» የሚለው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ተጽፎ ነበር። ሸክላው ላይ ተጽፏል፣ ካሴቱ ሽፋን ላይ ተጽፏል። የጠፋው ሲገለበጥ ነው። ዘፈኑ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ድምፁ አለፈ፣ ጽሑፉ ቀረ። ይህን ከተረዳን የት መፈለግ እንዳለብንም እናውቃለን።

ከሸክላው እንጀምር። የሀገር ፍቅር ማኅበር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት በአዋጅ ተሰጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ነጋዴ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ያን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የአለማየሁ እሸቴ የመጀመሪያ ሸክላ የወጣው በእሱ በኩል ነው። በነጠላ ሸክላ ፊትና ጀርባ አንድ አንድ ዘፈን አለ። መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ትንሽ ናት፣ ግን የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ ብዙ ጊዜም የባንዱን ስም ትይዛለች። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ተራ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ካለ የትኛው ሸክላ ከየትኛው በፊት እንደወጣ መገመት ይቻላል። ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ ሰብሳቢዎች የኢንተርኔት መዝገብም ይህን ቁጥር ይይዛል። ሰብሳቢዎቹ ፈረንሳይም ይኑሩ ጃፓን፣ ፎቶ አንስተው ያስገባሉ። ስለዚህ ከ1960ዎቹ የእኛ ዘፈኖች ውስጥ ስለ አንዳንዱ ደብረ ብርሃን ካለ ሰው ይልቅ ቶኪዮ ያለ ሰው የተሻለ መረጃ አለው። ያበሳጫል፣ ግን እውነት ነው።

ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋ። በሽፋኑ ወረቀት ውስጠኛ ገጽ ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይባላል። አንዳንዱ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ይዘረዝራል። ምስጋናው ራሱ መረጃ ነው። «በልጅነቴ ላበረታታኝ ለእገሌ» የምትል አንዲት መስመር የዘፋኙን የትውልድ ሰፈር ልታሳይ ትችላለች። ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራ ያወጧቸውን ኦሪጅናል ካሴቶች የያዘ ሰው ሳያውቀው መዝገብ ይዟል።

ችግሩ ግን ወደ እኛ የደረሰው በብዛት ኦሪጅናሉ አልነበረም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ፣ ከታርማበር ታጥፎ እስከ መሐል ሜዳ፣ ሻይ ቤቱም ሚኒባሱም ላይ የሚዘፍነው ቅጂ ነበር። ቅጂ ሽፋን የለውም። በቢክ እስክሪብቶ «ምርጥ ዘፈኖች» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ቢበዛ የዘፋኙ የመጀመሪያ ስም ይጨመራል። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ከበሮ መቺው፣ ሁሉም እዚህች ላይ ተንጠባጥበው ቀሩ።

ከዚያ ሚሞሪ ካርድ መጣ። ሙዚቃ ቤት ሄደህ መቶ ዘፈን ታስጭናለህ። ፋይሉ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ይላል። አሁን የዘፋኙ ስም ራሱ የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ፣ ሰው ዘፈን የሚቀባበለው ከስልክ ወደ ስልክና በፍላሽ ነበር። በዚያ ጊዜ ዘፈን የለመደ ልጅ ብዙ ዜማ በቃሉ ይዟል፣ የማን እንደሆነ ግን የሚነግረው አንድም ጽሑፍ አልነበረም። ቲክቶክ የመጨረሻው ነው። የዘፈኑ መሐል ተቆርጦ፣ ፍጥነቱ ተጨምሮ፣ ከሌላ ምስል ጋር ይለቀቃል። ከሥሩ «ኦሪጅናል ሳውንድ» ብሎ የለጠፈውን ሰው ስም ያስቀምጣል። አሁን መረጃው መጥፋት ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ስም ተተካ።

የኃይሉ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ። የተወሰኑት አባላት እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም አንዱ ነበር። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን፣ አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይዞ፣ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘና ታክሲ ነጂ ሆነ። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ወደደው። ስሙን ይዞ ፈለገ፣ ስልኩን አገኘ፣ ደወለ። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው ድርጅቱ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 ደግሞ አዳዲስ አልበሞች አወጣ።

ሰው ይህን የዕድል ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ስሙ ላይ ነው። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት ሙሉ ስም ባይኖረው ኖሮ ፍለጋው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር። «ምርጥ ክላሲካል» ተብሎ በቢክ የተጻፈበት ቅጂ ቢሆን ለማን ይደውላል? እንዲህ ስማቸው ከካሴታቸው ላይ ተልጦ የቀረ ስንት የእኛ ተጫዋቾች ይኖራሉ?

የግርማ በየነ ነገርም ይመሳሰላል። ድምፃዊ፣ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው። የዘመኑ ብዙ ዘፈኖች በእጁ አልፈዋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን፣ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱትን ቅንብር የደረሰው እሱ ነው። ሰው ግን የሚያውቀው «የዋሊያስ» ብሎ ነው፣ ምክንያቱም የዋሊያስ ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ነው ያለው። ግርማ አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። የአቀናባሪ ስም ከድምፃዊ ስም ቀድሞ ይጠፋል። ስትፈልጉ ይህን አስቡ። የድምፃዊውን ታሪክ ለማግኘት አቀናባሪውንና ባንዱን መከተል ብዙ ጊዜ ያቀርባል፣ ምክንያቱም ባንድ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው አለ። አንዱ ባያስታውስ ሌላው ያስታውሳል።

ወደ ፍለጋው ስንገባ የመጀመሪያው መሰናክል ፊደላችን ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ብሎ የማይጽፍ የለም። መርጊያ፣ መርግያም ይባላል። አንድ ስም በስምንት መልክ ይጻፋል ማለት ነው። የፍለጋ ሳጥን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ አንዱን ጽፎ «ምንም የለም» ማለት ፍለጋ አይደለም። በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ፣ በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ፣ በዐይኑ ዐ እና በአልፋው አ ሁሉ ቀያይሮ መሞከር ያስፈልጋል። በውጭ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፈረንሳዮቹ አንድ ዓይነት፣ እንግሊዞቹ ሌላ ዓይነት ይጽፉታል። መዝገባቸውም በአባት ስም ነው የሚደረደረው። ስለዚህ አንዱ ዘፋኝ አባቱ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ቦታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ዞን ልዩ ችግር አለበት።

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ ነው። ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ነው። «የሰሜን ሸዋ ተወላጅ» የሚል አንድ መስመር ያገኘ ሰው፣ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ወደሚቀርበው ይወስደዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዞን የሚባል ነገር አልነበረም። አውራጃ ነበር። ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ነበረች። መሐል ሜዳ የመንዝና ግሼ፣ ደብረ ሲና የይፋትና ጥሙጋ፣ ዓለም ከተማ የመርሐቤቴ ነበሩ። ፍቼ የሰላሌ ነበረች። ከዚህ ሁሉ በላይ ሸዋ ክፍለ ሀገር ነበር፣ እሱ ደግሞ ከእነዚህ አውራጃዎች እጅግ ርቆ ደቡብና ምዕራብ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የድሮ መጽሔት «ሸዋ የተወለደ» ካለ ለእኛ ምንም አልነገረንም። «ተጉለትና ቡልጋ» ካለ ግን ብዙ ነግሮናል፣ ግን ደብረ ብርሃን ከተማ ማለት ነው ብለን መዝለል የለብንም። ቡልጋ ሰፊ ነው፣ ተጉለትም ሰፊ ነው።

ተወለደና አደገ ይቀላቀላሉ። ጥላሁን ገሠሠ አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ነው ያደገው፣ አያቱ ዘንድ። ወሊሶ ተማረ፣ ሙዚቃን የወደደውም እዚያ ነው። ስለዚህ «የወሊሶ ልጅ» ያለውም አልዋሸም፣ «የአዲስ አበባ ልጅ» ያለውም አልዋሸም። ጥያቄው ትክክል ካልተጠየቀ ሁለት እውነቶች ሲጣሉ ይውላሉ። እንደ ኃይሉ በልጅነቱ ከተማ የለወጠ ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሥራው ሁሉ አዲስ አበባ ስለሆነ የትውልድ ከተማው ይረሳል።

ደግሞ ስለ መንዝ የዘፈነ ሁሉ የመንዝ ሰው አይደለም። ግጥም የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። የሸዋን ዜማ ሐረር የተወለደ ሰው አሳምሮ ይጫወተዋል፣ የጎንደሩን የእኛ ልጅ ይጫወተዋል። ዘፈንን እንደ ልደት የምስክር ወረቀት አድርጎ ማቅረብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ዓመተ ምህረቱን ማጣራት ያሰለቻል፣ ግን ዋጋ አለው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ዘፋኝ የልደት ዓመት በአብዛኛው ከእናት አፍ የመጣ ነው። ቀኑ መስከረም 1 ወይም በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ከሆነ በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ተጠራጠሩ። በዚያ ላይ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት አለ። የዋሊያስ «ቸ በለው» እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ። በእኛ ስንት ዓመተ ምህረት ነው? ወሩ ካልታወቀ መልስ የለውም። እስከ ጳጉሜ ከሆነ 1969 ነው፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 1970 ነው። አንዱ 7 ይቀንሳል፣ ሌላው 8 ይቀንሳል፣ ሦስተኛው የተቀነሰውን እንደገና ይቀንሳል። አንድ ዘፋኝ ሦስት የልደት ዓመት የሚኖረው እንዲህ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሰውን ዓመት አለመጠየቅ ነው። ክስተት ጠይቁ። ዘፈኑን ስትሰሙት አብዮቱ ፈንድቶ ነበር? የመሬት አዋጁ ታውጆ ነበር? የዕድገት በኅብረት ዘማቾች መጥተው ነበር? መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ነው ወይስ በኋላ? የሰዓት እላፊው ጊዜ ከሆነ ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ያኔ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። ዋሊያስም ሂልተን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተጫወተው በዚያ ምክንያት ነው። «ስንጨፍር አደርን» ካሉ ዘመኑን ነገሯችሁ። ሽማግሌ «በስንት ዓመተ ምህረት ነው?» ሲባል ይጨነቃል፣ ወይም ደስ ሊያሰኛችሁ ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። «ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ስትሉት ግን አይሳሳትም።

እዚህ ዞን ውስጥ ማንን እንጠይቅ? እኔ በመጀመሪያ የማስባቸው የኪነት ሰዎችን ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌም በአውራጃም የኪነት ቡድን ነበር። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ አንዳንዱ ጋ አኮርዲዮን ነበር። አብዮታዊ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ባህላዊው ይቀጥላል። ኋላ ትልቅ ስም ያገኙ ብዙ ድምፃውያን በዚያ በር ነው የወጡት። ከእነሱ ጋር አብረው ቆመው ከተማቸው ውስጥ የቀሩት ደግሞ ዛሬ ጡረተኛ መምህር፣ ነጋዴ፣ ገበሬ ናቸው። ካሴት ላይ አንድም ቀን አልተጻፉም። ግን ማን መጀመሪያ መቼ እንደዘፈነ፣ ማን ማንን ክራር እንዳስተማረ፣ የትኛው ግጥም እዚህ ተሠርቶ አዲስ አበባ እንደሄደ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስትሄዱ ዘፈኑን ይዛችሁ ሂዱ። ስም ጠርቶ ከመጠየቅ ይልቅ ማሰማት ይሻላል። ቃናው ሲመጣ ትዝታው አብሮ ይመጣል። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብላችሁ፣ ቡናው እስኪጠጣ ታግሣችሁ ነው። አንድ ሰው የነገራችሁን ከሌላ ሰው ጋር አመሳክሩ፣ ሁለቱ ሰዎች ግን እርስ በርስ የተነጋገሩ እንዳይሆኑ። አንድ ወሬ በሁለት አፍ ቢመጣ ሁለት ምስክር አይሆንም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ካሴት ሽፋን ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል አለ። አንዳንዱ በእውነት የሕዝብ ነው፣ መነሻው አይታወቅም። አንዳንዱ ግን የሚታወቅ ሰው ሥራ ነው። የመንዝ አዝማሪ በሰርግ ቤት የፈጠረው፣ የቡልጋ ሴቶች ለሙሽራ ያወጡት፣ በፉከራ መሐል የተባለ ግጥም አለ። ከተማ የገባ ልጅ ይዞት ሄደ፣ አቀናባሪው አሳመረው፣ ስቱዲዮ ገባ። ስም የሚጻፍበት ቦታ ሲደረስ ወይ «የሕዝብ» ተባለ፣ ወይ የሌላ ሰው ስም ገባ። ይህ የሥራ ዋጋ ጉዳይ ነው፣ ከሕግም ይገናኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው በሕይወት ዘመኑ፣ ካረፈ በኋላም ለወራሾቹ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያም የሮያሊቲ፣ ማለትም ለሥራው ባለቤት የሚከፈለው ድርሻ፣ አሰባሰቡ ነገር ተጠናክሯል። «ግጥሙ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ገንዘቡ ወደ ማን ይሄዳል? አንዲት መሐል ሜዳ ያለች የአዝማሪ ልጅ የአባቷ ዜማ በዩቲዩብ ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጥ፣ ማስረጃ ከሌላት ምን ትላለች?

እዚህ ላይ የሚረዳ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ካሴቱ የወጣበትን ዘመን እወቁ። ከዚያ ዘፈኑን ከዚያ ዘመን በፊት የሰሙ ሰዎች መኖራቸውን ጠይቁ፣ የትኛው ሰርግ ላይ፣ በማን አፍ እንደሰሙት ጭምር። ሁለት ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ከካሴቱ በፊት ሰምተነዋል ካሉ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የደራሲው ሳይሆን የመዝጋቢው ሊሆን ይችላል። ሽፋን ማስረጃ ነው፣ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም።

የታተመውን ለማየት ደግሞ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ውስጥ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። ሰው ስለ ዘፋኝ ሲፈልግ የሚያየው ቃለ መጠይቅ ነው። ማስታወቂያውን ዝለሉት አልልም፣ እንዲያውም ቅድሚያ ስጡት። የበዓል ዝግጅት ማስታወቂያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የባንዱን ስም በአንድ ላይ ይዟል። ማስታወቂያ ለትውልድ ተብሎ ስለማይጻፍ ራሱን አያሳምርም።

የውጭ ሰዎቹም ሥራ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ የድሮ ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ረጅም ጽሑፍ አያይዞ አውጥቷል። ብዙ መረጃ የተረፈው በዚያ ነው። ግን የሰበሰበው የአዲስ አበባን ሸክላ ነው። ሸክላ ያልደረሰው ሰው፣ የመንዙ፣ የይፋቱ፣ የመርሐቤቴው፣ እዚያ ውስጥ አይገኝም። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው ከውጭ አይመጣም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን «ይህ ዘፋኝ የት ተወለደ?» ትለዋለህ፣ ሳያመነታ ይመልስልሃል። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ጥቂት ስለሆነ የማያውቀውንም እንደሚያውቀው አድርጎ ይሞላዋል። ከተማ ይፈጥራል፣ ዓመት ይፈጥራል። አንድ ሰው ያንን ገልብጦ ይለጥፋል፣ ሌላው ከእሱ ይወስዳል፣ በወሩ ሃያ ቦታ ላይ ታገኘዋለህ። ሃያ ቦታ መኖሩ ምንም አያረጋግጥም፣ ሃያዎቹም የወጡት ከአንድ ቦታ ነው። ቃላቸውን ብቻ አስተያዩ። አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ከደጋገሙ መገልበጣቸው ይታወቃል።

ፍለጋው ወሰን ሊኖረው ይገባል። የዘፋኙ ሥራ የሕዝብ ነው፤ ማን ጻፈለት፣ የት ዘፈነ፣ ከማን ጋር ተጫወተ። የቤቱ ጉዳይ ግን የቤቱ ነው። በሽታው፣ ትዳሩ፣ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት የገባበት ምክንያት፣ እሱ ካልተናገረ እኛ የምንቆፍረው አይደለም። ዘፈን ያቆመች ሴት «ስሜ አይነሳብኝ» ካለች ያበቃል። መዝገቡ ላይ ዘፈኖቿ በቂ ናቸው።

ብሔር ፍለጋም እንዲሁ ነው። ዛሬ የዘፋኝ የትውልድ ቦታ የሚጠየቀው ለማወቅ ሳይሆን ለመንጠቅ ሆኗል። «የእኛ ነው፣ የእናንተ አይደለም» ለማለት የሚፈልግ ሰው መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚመጣው፣ የማይስማማውን ማስረጃም አያየውም። ኃይሉ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም። ግን ያደገው የአማርኛውንም፣ የትግርኛውንም፣ የኦሮምኛውንም ዜማ እየሰማ ነው። ኦርጋኑ ላይ ሦስቱም አሉ። የትውልድ ከተማውን ማወቃችን ሙዚቃውን ለማጥበብ ከሆነ ባናውቀው ይሻለን ነበር።

የሚሠራው ሥራ ደግሞ ውድ አይደለም። የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች፣ በየወረዳው ያሉ የድሮ ሙዚቃ ቤት ባለቤቶች ቢተባበሩ በስልክ ካሜራ ይጀመራል። የካሴቱ ፊት፣ ጀርባ፣ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ካሴቱ ራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ አራቱም ይነሱ። ፎቶው ላይ የማን እጅ እንደነበረና የት እንደተገዛ ይጻፍ። ዩቲዩብ ላይ የድሮ ዘፈን የሚጭን ሰውም ከሥሩ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ሦስት መስመር ይጨምር። አዲስ ዘፈን የሚያወጡ የእኛ ልጆችም ከአሁኑ ፋይሉ ውስጥ ስም ያስገቡ።

ቅደም ተከተል ካስፈለገ ከሰዎቹ ነው መጀመር ያለበት። ሽፋኑ መሳቢያ ውስጥ ሌላ አሥር ዓመት ይቆያል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በተጉለትና ቡልጋ፣ በመንዝና ግሼ፣ በይፋትና ጥሙጋ፣ በመርሐቤቴ የአውራጃ ኪነት ውስጥ የነበሩት አሁን አብዛኞቹ 60 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፣ ከ70 ያለፉም አሉ። የስም ዝርዝራቸውን የምታውቁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ በኪነቱ ውስጥ የነበሩ፣ ድምፃቸውን በስልካችሁ መቅዳት የምትችሉት ዛሬ ማታ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀውም «ከእናንተ ጋር ማን ማን ነበር፣ ማን ምን ይጫወት ነበር?» የሚለው ነው።